ማደንዘዣ የማይስማማው ጡንቻ፦ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ላለበት ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

ይህ ችግር ያለበትን ሰው መንገድ ላይ ብታገኙት አትለዩትም። ይሠራል፣ ይሮጣል፣ ደረጃ ይወጣል። አብዛኛው ሰው ራሱም አያውቀውም። ጉዳዩ አፍጦ የሚመጣው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ባለቤቱ ተኝቷል፤ ስለ ራሱ አንዲት ቃል መናገር አይችልም።

ስሙ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ነው። ሐኪሞች ባጭሩ ኤምኤች ይሉታል። በዘር የሚወረስ የጡንቻ ችግር ሲሆን የተወሰኑ የማደንዘዣ መድኃኒቶች ይቀሰቅሱታል። በጊዜ ካልተደረሰበት ይገድላል። ቀድሞ ከታወቀ ግን፣ ይህን በሙሉ አፌ ነው የምለው፣ ኦፕራሲዮን መሆን ይቻላል፤ መውለድ ይቻላል፤ ጥርስ ማስነቀልም ይቻላል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያመራው ወደ አንድ ነገር ነው። እናንተ መናገር በማትችሉበት ሰዓት የሚናገርላችሁን ሰውና ወረቀት ከወዲሁ ማዘጋጀት።

ጡንቻው ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ጡንቻ የሚኮማተረው በካልሲየም ነው። እያንዳንዱ የጡንቻ ሕዋስ ካልሲየሙን በውስጡ ባለ ከረጢት ያጠራቅማል። ነርቭ ትእዛዝ ሲሰጥ የከረጢቱ በር ይከፈታል፤ ካልሲየሙ ይወጣል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ከዚያ ካልሲየሙ ተመልሶ ይገባል፤ ጡንቻውም ይላላል። የዚህ በር አሠራር የተጻፈው አርዋይአር1 በሚባል ጂን ላይ ነው። ጂኑ 19ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ኤምኤች ካለባቸው ቤተሰቦች በአብዛኞቹ ለውጡ ያለው እዚህ ጂን ላይ ነው። በጥቂቶቹ ደግሞ ሌላ ጂን ላይ።

ቀስቃሹ መድኃኒት ሲገባ በሩ ተከፍቶ ይቀራል። ጡንቻው መኮማተሩን አያቆምም። ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል፣ ይግላል፣ ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ሕዋሶቹ ሲፈራርሱ ፖታሲየም ወደ ደም ይለቀቃል። ልብን ሊያቆም የሚችለው እሱ ነው። የጡንቻው ፕሮቲን ደግሞ በኩላሊት በኩል ሲያልፍ ሽንት ይጠቁራል፤ ኩላሊቱም ይጎዳል።

ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የሚታየው በትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለ ምክንያት መጨመሩ፣ የልብ ምት መፍጠኑ፣ አንዳንዴም መንጋጋ ግትር ብሎ አልከፈት ማለቱ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀስቃሾቹ ሁለት ወገን ብቻ ናቸው። አንደኛው በትንፋሽ የሚሳቡት የማደንዘዣ ጋዞች፦ ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬን፣ ዴስፍሉሬን፣ ኤንፍሉሬን፤ ድሮ ይሠራበት የነበረው ኤተርም እዚሁ ነው። ሁለተኛው ሱክሲኒልኮሊን ነው። አንዳንድ ቦታ ሱክሳሜቶኒየም ይባላል። ቱቦ ወደ ጉሮሮ ለማስገባት ጡንቻን ቶሎ የሚያላላ መርፌ ነው።

በቃ። ሌላው ሁሉ ይቻላል። ፕሮፖፎል፣ ኬታሚን፣ ቲዮፔንታል፣ ሚዳዞላም፣ ሞርፊንና ፌንታኒል፣ ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን፣ የጀርባ መርፌ፣ ኤፒዱራል፣ እንደ ሮኩሮኒየምና ቬኩሮኒየም ያሉ ጡንቻ አላሊዎች፣ ሁሉም አይቀሰቅሱትም። ናይትረስ ኦክሳይድም ጋዝ ቢሆንም ከቀስቃሾቹ ውስጥ አይደለም። "እኔ ማደንዘዣ አይነካኝም" እያሉ የሚያስፈልጋቸውን ኦፕራሲዮን ለዓመታት የሚያሸሹ ሰዎች አሉ። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም መፍራት ያለባቸው ከዝርዝሩ ጥቂቱን ነው።

1ኛ፦ ቤተሰቡን መጠየቅ

ኤምኤች በሕክምና ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ በደንብ የተመዘገበው ቤተሰቡን የሚያውቅ አንድ ወጣት አፍ አውጥቶ ስለተናገረ ነው። ቦታው ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ነው። የ21 ዓመቱ ተማሪ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። ከእግሩ ይልቅ የጨነቀው ማደንዘዣው ነበር፤ አሥር ዘመዶቹ ኤተር ተሰጥቷቸው ሞተዋል። ሐኪሞቹ ኤተሩን ትተው በጊዜው አዲስ የነበረውን ሃሎቴንን ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ ሰውነቱ ጋለ፤ የደም ግፊቱ ወረደ። ማደንዘዣውን አቁመው በበረዶ እያቀዘቀዙ አተረፉት። ዶክተር ማይክል ዴንቦሮ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ተከታትለው፣ ከባልደረባቸው ከሎቬል ጋር እ.ኤ.አ. በ1960 ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡት።

ልጁ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ? ለዚህ ነው ሥራው ከቤት የሚጀምረው።

ችግሩ ዘመድ በሕክምና ቋንቋ አያወራም። "አክስትህ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ነበረባት" የሚል አያት የለም። የምትሰሙት "መርፌው አልተስማማትም"፣ "ለቀላል ነገር ገብቶ ሳይነቃ ቀረ"፣ "ልቡ ቆመ አሉን" የሚል ነው። ስለዚህ አጠያየቁን አውርዱት። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦

- ኦፕራሲዮን ሲሆን ወይም በዚያው ቀን የሞተ ዘመድ አለ?
- ኦፕራሲዮን ላይ ሰውነቱ የጋለ፣ የደረቀ፣ መንጋጋው አልከፈት ያለ አለ?
- ቀላል ኦፕራሲዮን ሆኖ ሳይታሰብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባ፣ ወይም ሽንቱ የጠቆረ አለ?
- በሕፃንነቱ ቶሎ ያልሄደ፣ ጡንቻው የሚልፈሰፈስ፣ ዳሌው የወለቀ፣ ጀርባው የጎበጠ ልጅ አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ የራቀ ይመስላል። ግን ሴንትራል ኮር ዲዚዝ የሚባል የጡንቻ ድካም ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ለውጡ ያለባቸው እዚያው አርዋይአር1 ላይ ነው። ለኤምኤችም የተጋለጡ ተደርገው ነው የሚታዩት።

መልሱን ወረቀት ላይ በዘር ሐረግ መልክ አስፍሩት። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሆነ፣ ማን ኦፕራሲዮን ሆኖ እንደማያውቅ። ይህ የመጨረሻው በጣም ይጠቅማል። ኤምኤች ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወላጅ ብቻ ይወረሳል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፣ ወንድም ሆነ ሴት። ትውልድ የዘለለ የሚመስለው ብዙ ጊዜ መሐል ያለው ሰው ቀስቃሹን መድኃኒት ወስዶ ስለማያውቅ ወይም ወስዶም ስላልተነሳበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ እምነት አለ። "እኔ ከዚህ በፊት ሙሉ ማደንዘዣ ወስጃለሁ፤ ምንም አልሆንኩም።" ይህ ማስረጃ አይደለም። ኤምኤች ከተነሳባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ያንኑ መድኃኒት በሰላም የወሰዱ ናቸው። አንዳንዶቹም ከአንዴ በላይ። እንዲህ የሚል አጎት አይጠፋምና መልሱን አዘጋጅታችሁ ሂዱ።

2ኛ፦ ምርመራ

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ የደም የጂን ምርመራ፣ ሌላው የጡንቻ ናሙና።

የጂን ምርመራው ቀላል ነው፤ ደም ትሰጣላችሁ። ሲተረጎም ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤምኤች እንደሚያመጣ የታወቀ ለውጥ ከተገኘባችሁ ተጋላጭ ናችሁ። አልተገኘም ማለት ግን ነፃ ናችሁ ማለት አይደለም። ጥፋቱ ገና ያልታወቀ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርመራውን መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ሕመሙ የተነሳበት ሰው፣ እሱ ከሌለ የቅርብ ዘመዱ ነው። የቤተሰቡ ለውጥ ከታወቀ በኋላ ሌላው ዘመድ የሚመረመረው ያችን ነጥብ ብቻ ነው።

የጡንቻ ናሙናው ከጭን ላይ በቀዶ ጥገና የሚወሰድ ቁራጭ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ከሃሎቴንና ከካፌይን ጋር ያገናኙትና ምን ያህል እንደሚኮማተር ይለካሉ። ጡንቻው ገና ሕያው ሳለ፣ በሰዓታት ውስጥ መመርመር አለበት። በፖስታ አይላክም። ሄዳችሁ እዚያው ማዕከሉ ጋ ነው የምትቆረጡት። እንዲህ ያለ ማዕከል ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው። ትናንሽ ልጆችም አይደረግላቸውም። ሆኖም "ተጋላጭ አይደለህም" የሚለውን ቃል በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሰጠው እሱ ነው። በቤተሰቡ ታሪክ የተነሳ ዕድሜ ልካቸውን ጋዝ የሸሹ ሰዎች በዚህ ምርመራ ነፃ ይወጣሉ።

ሲኬ የሚባል የደም ምርመራም አለ። የጡንቻ ጉዳት ያሳያል። ኤምኤች ባለባቸው አንዳንዶች ከፍ ይላል፤ በብዙዎች ግን ደህና ነው። ሲኬ ደህና ስለሆነ ብቻ "የለብህም" ካሏችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ምርመራ ካላገኛችሁስ? ሕጉ አንድ ነው። ነፃ መሆናችሁ እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳለባችሁ ተቆጠሩ። ቀስቃሾቹን የሚተካ መድኃኒት ስላለ በጥርጣሬ መኖር ብዙ አያስከፍልም።

3ኛ፦ ካርዱ

ካርድ ስል የሚያምር ነገር ማለቴ አይደለም። በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ይበቃል። የሚያነበው ሰው ግን ቸኩሏል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ በሌላ እጁ ሌላ ነገር ይዞ ነው የሚያየው። ስለዚህ ታሪክ አትጻፉበት። እንዲህ ይሁን (ዳንትሮሊን የተባለው ሕመሙን የሚያቆመው መድኃኒት ነው)፦

ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ አለብኝ (በዘር የተወረሰ)።
አይሰጠኝ፦ ሱክሲኒልኮሊን (ሱክሳሜቶኒየም)፣ በትንፋሽ የሚሳብ ማደንዘዣ (ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬን፣ ዴስፍሉሬን)።
ይቻላል፦ ፕሮፖፎል፣ ኬታሚን፣ ሮኩሮኒየም፣ የጀርባ መርፌና የአካባቢ ማደንዘዣ።
ከተነሳ፦ ዳንትሮሊን በኪሎ 2.5 ሚሊግራም በደም ሥር፣ ምላሽ እስኪታይ ይደጋገም።
ስም፣ ክብደት፣ የጂን ውጤት፣ የሚጠራ ሰው ስልክ።

"ይቻላል" የሚለውን መስመር አትዝለሉት። ክልከላ ብቻ ያየ ሐኪም ግራ ይገባዋል፤ ግራ የገባው ደግሞ ወይ ይፈራል ወይ ይገምታል። የሚቻለውን ካሳያችሁት እጁ ይፈታል።

አንዱን ቦርሳ ውስጥ አድርጉ። አንዱ ከባለቤታችሁ ወይም አብሯችሁ ከሚኖር ሰው ጋር ይሁን። ስልካችሁ ሳይከፈት የሚታየው የድንገተኛ መረጃ ገጽ ላይም አስገቡት። ቦርሳ ይጠፋል፣ ስልክ ይሰበራል፤ የእጅ አምባር ግን ብዙ ጊዜ ከሰውየው ጋር ይቆያል። ላዩ ላይ "ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ቢቀረጽ ይበቃል። ጉዞ ካላችሁ የምትሄዱበት አገር ሐኪም በሚያነበው ቋንቋ አንድ ቅጂ ያዙ።

ቅጽ ስትሞሉ ደግሞ አንድ ነገር ያጋጥማችኋል። ስለ አለርጂ የሚጠይቅ ቦታ ይኖራል፤ ስለዚህ የሚጠይቅ ቦታ ግን አይኖርም። ኤምኤች አለርጂ አይደለም። ቢሆንም እዚያው አለርጂ የሚለው ላይ ጻፉት። ሁሉም ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ቦታ ያ ነው። ማረሙ የባለሙያ ሥራ ነው።

4ኛ፦ ቀጠሮ የተያዘለት ኦፕራሲዮን

እዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

መጀመሪያ ነገር፣ ለቀዶ ሐኪሙ ብቻ ነግራችሁ አትረፉ። እሱ የሚያስበው ስለሚቆርጠው ነው። ማነጋገር ያለባችሁ ማደንዘዣ የሚሰጠውን ባለሙያ ነው። እሱንም በኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት፣ ጋውን ለብሳችሁ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ። ክፍሉን ማዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ ከሌለ ደግሞ ማስመጣት ወይም ሪፈር መጻፍ ሊኖር ነው።

አነጋገሩም ቀላል ነው፦

"ዶክተር፣ ቤተሰባችን ውስጥ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ አለ። ካርዴ ይኸው። ያለ ጋዝና ያለ ሱክሲኒልኮሊን እንዲሠራልኝ ነው የምፈልገው። ዳንትሮሊን እዚህ አለ?"

"ቀደም ሲል ማደንዘዣ ወስደህ ታውቃለህ?"

"አዎ፤ ያኔ አልተነሳብኝም። ግን ጂኑ ተገኝቶብኛል።"

አጭር ነው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ግን አለበት። ቀጥሎ የምትጠይቁት፦

ማሽኑን እንዴት ታዘጋጁታላችሁ? ማደንዘዣ ማሽን ቀድሞ ያለፈበትን ጋዝ ቱቦውና ጎማው ውስጥ ያስቀራል። የጋዝ ማስቀመጫዎቹ ይነሳሉ፤ የመተንፈሻ ቱቦዎቹና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥጠው ንጥረ ነገር በአዲስ ይቀየራሉ፤ ከዚያ ማሽኑ በብዙ ኦክስጅን ይታጠባል። እጥበቱ እንደ ማሽኑ ዓይነት ከአሥር ደቂቃ ገደማ እስከ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህን ጊዜ በጣም የሚያሳጥሩ የከሰል ማጣሪያዎችም አሉ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ተራ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። በቂ ጊዜ ይኖራቸዋል።

በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ አለ? የሰውነት ሙቀትስ እየተለካ ይቆያል? ቅድም ልብ በሉ ያልኩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚጮኸው ያ መሣሪያ ነው። እሱ ከሌለ ምልክቱ የሚታየው ከረፈደ ነው።

ኦፕራሲዮኑ በጀርባ መርፌ ወይም እጅና እግርን ብቻ በማደንዘዝ ሊሠራ ይችላል? የሚቻል ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ነቅታችሁ ትቆያላችሁ፤ ስለ ራሳችሁም ራሳችሁ ትናገራላችሁ። ሆኖም የጀርባ መርፌው ባይሠራ ወደ ሙሉ ማደንዘዣ ሊዞሩ ስለሚችሉ ክፍሉ ለዚያም መዘጋጀት አለበት።

ዳንትሮሊኑ የት ነው፣ ስንት ነው? ይህ ጥያቄ ነገረኛ ሊያስመስላችሁ ይችላል። ጠይቁ። ዳንትሮሊን ያን ተከፍቶ የቀረ በር የሚዘጋው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጌስፎርድ ሃሪሰን የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ሐኪም በአሳማ ላይ ሞክረው ሕመሙን እንደሚያቆም አሳዩ። አሳማ ለምን? አንዳንድ የአሳማ ዝርያዎች ይኸው ችግር አለባቸው፤ ሲጨናነቁ እንኳ ደርቀው ይሞታሉ። በ1979 በደም ሥር የሚሰጠው ዓይነት አሜሪካ ውስጥ ለሰው ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ኤምኤች ከተነሳበት ሰው አብዛኛው ይሞት ነበር። መድኃኒቱና ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ቡድን ባለበት ግን ዛሬ የሚሞተው ጥቂት ነው።

ብዛቱ ለምን እንደሚያስጨንቅ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። የቆየው ዓይነት በብልቃጥ 20 ሚሊግራም ነው። ብርቱካንማ ዱቄት ነው፤ እያንዳንዱ ብልቃጥ በ60 ሚሊሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በደንብ መናወጥ አለበት። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው መጠን 175 ሚሊግራም ነው። ይህ ማለት ዘጠኝ ብልቃጥ፣ ከግማሽ ሊትር በላይ። በኪሎ 10 ሚሊግራም ድረስ ካስፈለገ ደግሞ 35 ብልቃጥ ይሄዳል። ሆስፒታሎች 36 ያስቀምጡ የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው። አንድ ሰው ብቻውን በጥብጦ አይደርስም፤ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ባንድ ብልቃጥ 250 ሚሊግራም የያዘና በ5 ሚሊሊትር ውኃ የሚበጠበጥ አዲስ ዓይነትም አለ። ስለዚህ "አለን" የሚለው መልስ ብቻውን አያረካም። ሁለት ብልቃጥ ካለ፣ አለ ማለት አይቻልም።

ዳንትሮሊኑን ለጥንቃቄ ብሎ ቀድሞ መውሰድ ግን አያስፈልግም። ጡንቻ ያደክማል። ቀስቃሾቹን መሸሽ ይበቃል።

"ግዴለም፣ ትንሽ ጋዝ ብቻ ነው" የሚላችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ኦፕራሲዮኑ አስቸኳይ ካልሆነ አቋርጣችሁ ውጡ። ትንሽ የሚባል አስተማማኝ መጠን የለም። በትሕትና ግን ሳትለሳለሱ፦ "ይቅርታ ዶክተር፣ በጽሑፍ ሌላ ቦታ ሪፈር ይጻፍልኝ" ማለት መብታችሁ ነው።

ሁሉም በሰላም ካለፈና ቀስቃሽ ካልተሰጣችሁ ከሌላው በሽተኛ የተለየ ክትትል አያስፈልጋችሁም። ቀላል ከሆነ በዕለቱም ቤት ትገባላችሁ።

5ኛ፦ ድንገተኛ፣ ወሊድ፣ ጥርስ

ጥርስ ቀላሉ ነው። ሊዶኬይን አድሬናሊን ቢኖርበትም ይቻላል። ነግራችሁ ተቀመጡ።

ወሊድ ላይ ነፍሰ ጡሯ በመጀመሪያው የክትትል ቀን ትናገር። ኤፒዱራል ባለበት ቦታ ምጡ ሳይጠና ቀደም ብሎ ቢገባላት ጥሩ ነው። ድንገት ኦፕራሲዮን ካስፈለገ በዚያው ይሠራል፤ ወደ ሙሉ ማደንዘዣ መሮጥ አይኖርም። አባት ላይ ያለ ከሆነስ? ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። እናትየው ጤነኛ ናት፤ ፅንሱ ግን ከአባቱ ወርሶ ሊሆን ይችላል። ለእሷ የሚሰጠው ጋዝ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ስለዚህ አባትም ቢሆን ክትትሉ ላይ ተገኝቶ ይናገር።

በአደጋ ጊዜ ሁሉም በካርዱና በአምባሩ ላይ ይወድቃል። አብሯችሁ ያለ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይሸምድድ፦ "ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ አለበት፤ ጋዝና ሱክሲኒልኮሊን እንዳትሰጡት።" ድንገተኛ ክፍል ቱቦ ለማስገባት ሱክሲኒልኮሊን ይወዳሉ፤ ፈጣን ነው። በእሱ ፈንታ ሮኩሮኒየም መስጠት ይችላሉ።

6ኛ፦ ተነስቶ ከሆነ

የሐኪሞቹ ሥራ ይህ ነው። ጋዙን ያቆማሉ፤ በንጹሕ ኦክስጅን በብዛትና በፍጥነት ያስተነፍሳሉ፤ ዳንትሮሊን ይሰጣሉ፤ ያቀዘቅዛሉ፤ ፖታሲየሙንና አሲዱን ያስተካክላሉ፤ ኦፕራሲዮኑን ባስቸኳይ ይዘጋሉ። ከዚያ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ጽኑ ሕሙማን ክፍል። ከተረጋጋ በኋላ ተመልሶ ሊነሳ ስለሚችል ነው። ዘመድ "ነቅቷል፣ ቤት እንውሰደው" ብሎ አይቸኩል።

ከዚያ በኋላ ለቀናት ጡንቻ ያማል፤ አቅም ያንሳል። ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ግን የማደንዘዣውን መዝገብ ቅጂ ጠይቁ። የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ሙቀቱና ሲኬው ስንት እንደደረሰ። ከዓመታት በኋላ ለምርመራ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቤተሰባችሁም የሚያረጋግጠው በእሱ ነው።

7ኛ፦ የዕለት ተዕለት ኑሮ

ብዙዎቹ ምንም የተለየ ነገር አያደርጉም። ስፖርት ይሠራሉ፤ የሚያግዳቸውም የለም። ጥቂቶች ላይ ግን በኃይለኛ ሙቀት ውስጥ ከባድ እንቅስቃሴ ሲያደርጉ የጡንቻ ሕመም፣ ቁርጥማት፣ አንዳንዴም የጡንቻ መፈራረስ ይከሰታል። በሙቀት ሰዓት ቀለል አድርጉ፤ ትኩሳት ላይ ሆናችሁ አትሩጡ፤ ውኃ ጠጡ። ከስፖርት በኋላ ሽንት ከጠቆረ ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ። ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጡንቻ ሊያሳምሙ ስለሚችሉ ሲታዘዙላችሁ ኤምኤች እንዳለባችሁ ተናገሩ።

ሴንትራል ኮር ያለበት ሰው ጉዳዩ ይለያል። ከዳሌና ከጭን የሚጀምር ድካም አለ፤ ደረጃ ይከብደዋል፤ ከመቀመጫ ለመነሳት እጁን ይደገፋል። ፊዚዮቴራፒ፣ የጀርባ አጥንትና የዳሌ ክትትል ያስፈልገዋል። ሕፃናቱ ዘግይተው ይሂዱ እንጂ አእምሯቸው ደህና ነው። በአብዛኞቹ ድካሙ ከዓመት ዓመት ብዙም አይብስም።

ሌላ የጡንቻ ሕመም ያለበት ሰው የእኛን ካርድ አይቅዳ። ዱሼን የሚባል ጡንቻን እያደከመ የሚሄድ በሽታ ያለበት ልጅ ላይ ሱክሲኒልኮሊን ፖታሲየሙን ድንገት ሰቅሎ ልብ ሊያቆም ይችላል፤ ጋዙም ጡንቻውን ሊያፈርስ ይችላል። ግን በሽታው ኤምኤች አይደለም፤ የሚደረግለትም ሌላ ነው። ማዮቶኒክ ዲስትሮፊ ያለበት ደግሞ ሱክሲኒልኮሊን ጡንቻውን ያደርቀዋል፤ ሌላው ችግሩ ማስታገሻና ሞርፊን ትንፋሹን በቀላሉ ማዳከማቸው ነው። ካርዱ ላይ የበሽታው ትክክለኛ ስም ይጻፍ። "የጡንቻ በሽታ" ብሎ መተው ለማንም አይጠቅምም።

8ኛ፦ ለዘመድ መንገር

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ዘመድ "አታሟርትብኝ" ይላል። ወይ ዝም ይላል። ተጣልታችሁ የማትነጋገሩትም ይኖራል። እሱም ቢሆን ሊነገረው ይገባል።

በቃል ብቻ አትንገሩ። በስልክ የሰማውን ሰው ዕለቱን ይረሳዋል፤ ለሐኪሙ ሲያወራም "የሆነ ማደንዘዣ" ይላል። በጽሑፍ ላኩ፣ አጭር አድርጋችሁ፦ "ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ የሚባል በዘር የሚወረስ ነገር ተገኝቶብኛል። አንተም ልጆችህም ሊኖርባችሁ ይችላል። ኦፕራሲዮን ከመሆናችሁ በፊት ይህን መልእክት ለማደንዘዣ ባለሙያው አሳዩ።" ባይመልስም ስልኩ ላይ ይቀመጣል።

ልጆች ስሙን በትክክል መጥራት ይልመዱ፤ የስልክ ቁጥር የያዘ ልጅ ይህንንም ይይዛል። ትምህርት ቤት ያለው ፋይል ላይ ቅጂ ይኑር። ክብደታቸው በየጊዜው ስለሚጨምር ካርዱን በየዓመቱ ቀይሩላቸው።

ከመልእክቱ ጋር የጂን ውጤታችሁን ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። ዘመዳችሁ ሊመረመር ሲሄድ ላቦራቶሪው የትኛውን ነጥብ እንደሚፈልግ የሚያውቀው ከእሱ ነው።